ለፈጠራ ግዛትሽ ጦር ከኮከብ በፊት ሠንጠረዥ ሥሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የዛሬ አራት ዓመት የነበርኩትን እኔን ያየሁ መሰለኝ። «በኮሚክ የምስለው የፈጠራ ግዛት አለኝ፤ የጦሩን አርማና የማዕረግ ምልክት ከምን ልጀምር? ለመጽሐፌ ምረቃ ቀንም በጥልፍ ላሠራው አስቤያለሁ» ነው ያልሽው። እባክሽ ጥልፍ ቤት ከመሄድሽ በፊት ይቺን አንብቢ። እኔ ቀድሜ ሄጄ ነው የተቃጠልኩት።

ስለ አሳሳልና ስለ ሶፍትዌር ምንም አልልሽም። እሱን እንደምትችዪው ያስታውቃል።

1. ማዕረጉን ከሥራው ጀምሪ፤ መጀመሪያ ማን ማንን እንደሚያዝ በሠንጠረዥ ጻፊ። እኔ የጀመርኩት ከኮከብ ነበር። ባለ አንድ ኮከብ፣ ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስት እያልኩ ስድስት ወር ሳልኩ። አሥራ አንድ የሚያምሩ ማዕረጎች ነበሩኝ። ማን ማንን እንደሚያዝ ግን እኔው ራሴ አላውቅም።

የአባቶቻችንን ማዕረግ ተመልከቺ። ፊታውራሪ ከፊት የሚቀድመውን ጦር የሚመራ ነው። ቀኛዝማች የቀኙን፣ ግራዝማች የግራውን ይዞ ይዘምታል። ባላምባራስ የአምባው አለቃ ነው። ስሙን ስትሰሚ ሰውየው ጦር ሜዳ ላይ የት እንደሚቆም ታውቂያለሽ። በኋላ ማዕረጎቹ የክብር መጠሪያ ሆነዋል፤ ቦታው ግን ከስሙ አልወጣም። ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የጦር ሚኒስትር ሆነው እንኳ የሚጠሩት ፊታውራሪ ተብለው ነው። ሊቀ መኳስ የሚባለው ደግሞ ጦርነት ላይ ንጉሡን መስሎ፣ የንጉሡን ልብስ ለብሶ የሚሰለፍ ነበር፤ ጠላት እሱን ንጉሥ ብሎ እንዲያሳድድ። እስቲ አስቢው፣ ከዚህ ከአንዱ ማዕረግ ብቻ ስንት ገጽ ታሪክ ይወጣል!

ሮማውያንም እንዲሁ ናቸው። የመቶው አለቃ የራስ ቁሩ ላይ ያለው ጉትዬ ከጆሮ ወደ ጆሮ ተጋድሞ ነው የሚቆመው፣ ወታደሮቹ በግርግር መሀል አለቃቸውን እንዲለዩት። በእጁም የወይን ዱላ ይይዛል። አየሽ፣ ኮከብ የሚባል ነገር የለም።

2. ማዕረግ ትከሻ ላይ ብቻ አይቀመጥም። ጎፈር (የአንበሳ ጋማ የራስ ጌጥ) አለ፣ ለምድ (ትከሻ ላይ የሚደረብ ካባ) አለ፣ በብር ያጌጠ ጋሻ አለ። ነጋሪት የሚጎሰምለት ሹም ሲመጣ ገና ሳይታይ በጆሮ ይታወቃል። የፈረስ ስምም አለ፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። ሥዕል ነው የምሠራው ብለሽ ድምፁን አትተዪው።

3. ቀለም። እዚህ ላይ ነው የወደቅኩት። በአውሮፓ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የጋሻ አርማ ሲስፋፋ፣ ፊቱ በብረት የተሸፈነ ሰው ከሩቅ መለየት ነበረበት። ስለዚህ አንድ ደንብ አላቸው። ወርቅና ብር (ቢጫና ነጭ ማለት ነው) ብረት ይባላሉ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ደግሞ ቀለም ናቸው። ብረት በብረት ላይ፣ ቀለምም በቀለም ላይ አይቀመጥም። በቃ።

እኔ ይሄን ሳላውቅ ጥቁር ጋሻ ላይ ሐምራዊ አንበሳ ሳልኩ። ኮምፒውተሬ ላይ ያምር ነበር፣ እውነቴን ነው። መጽሐፉን ግን በጥቁርና ነጭ ነው ያሳተምኩት። 300 ቅጂ። የኔ ጦርና የጠላት ጦር አንድ ሆነው ቁጭ አሉ። በትልቁ ውጊያ ገጽ ላይ ማን ማንን እንደሚወጋ አይለይም።

የባሰው ጥልፉ ነው። አራት ሳንቲ ሜትር በምታህል ጨርቅ ላይ ዘውድ የጫነ፣ ጦር የያዘ፣ ጋማው በየክሩ የተሳለ አንበሳ፣ ከሥሩም ሦስት ኮከብ አዘዝኩ። 120 ፍሬ። ባለሙያው ሥዕሉን አየና «ወንድሜ፣ ይሄ ክር ነው እንጂ ቀለም አይደለም» አለኝ። አልሰማሁትም፤ ገንዘብ ለመጨመር ፈልጎ መሰለኝ። ስረከብ አንዷን መዳፌ ላይ አድርጌ አየኋት። ጋማውና ዘውዱ ተጣብቀው አንድ ቢጫ እብጠት ሆነዋል። ጦሩ ጭረት ነው። ኮከቦቹ ደግሞ ሦስት ነጠብጣብ። 18 ሺህ ብር ከፈልኩ፣ አንዷንም አልተጠቀምኩባትም። ባለሙያው ልክ ነበር። ዛሬ ሥራዬን የማሠራው እሱ ጋ ነው።

ስለዚህ ምልክትሽን በትክክለኛ መጠኑ አትሚና ግድግዳ ላይ ለጥፊው። ከዚያ አሥር እርምጃ ራቂ። ካልለየሽው አውጥተሽ ጣዪው፣ አትዘኚለት።

4. ፈቃድ። በሚቀጥለው ዙር ሌላ ጥልፍ ቤት «የትከሻ ማዕረግ ያለ ደብዳቤ አልሠራም» አለኝ። ሰውየው አይፈረድበትም፤ የመከላከያን የደንብ ልብስና ማዕረግ ያለ ፈቃድ መልበስ በሕግ ያስጠይቃል። ደብዳቤ ፍለጋ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ሦስት ቀን አመላለሱኝ። በሦስተኛው ቀን መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ወረቀቴን ከፍ አድርጎ ለሰልፉ እያሳየ «አንተ የየትኛው አገር ጄኔራል ነህ?» አለኝ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ስድስት ወር እንቅልፍ አጥቼ የሠራሁት ነገር ነው። አንድን ሰው «አይቻልም» ማለት ይቻላል፣ ማዋረድ ግን ለምን ያስፈልጋል? እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ወጥቼ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ሳስብ ነው መፍትሔው የመጣልኝ። የኔ ግዛት ለምን ማዕረጉን ትከሻ ላይ ያደርጋል? ተራራማ አገር ነው፣ ሁሉም ካባ ይደርባል፣ ትከሻ አይታይም። ማዕረጉን ወደ መቀነቱ አወረድኩት። ኮከቡን ሰርዤ ቋጠሮ አደረግኩ። የፊቱ አዛዥ ቋጠሮው እምብርቱ ላይ ነው፣ የቀኙ በቀኝ ጎኑ፣ የግራው በግራው። ከመከላከያው ጋር የሚያመሳስለው ነገር ስለሌለ ጥልፍ ቤቱም ደብዳቤ አልጠየቀኝም። የአንቺም ግዛት ደጋ ከሆነ ይሄ ይሠራልሻል።

አንድ ነገር ልጨምር። ግዛትሽ አዲስ ከሆነ የድሮ መስሎ መታየት ይፈልጋል። ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1804 ንጉሠ ነገሥት ሲሆን ለጦር ክፍሎቹ በእንጨት ላይ የቆመ የነሐስ ንስር ሰጣቸው፣ ከሮማውያን የወሰደውን። ለዘውዱ ደግሞ ንብን መረጠ። ንቦቹ እ.ኤ.አ. በ1653 ከተገኘው ከጥንቱ ንጉሥ ከሺልደሪክ መቃብር የወጡ ናቸው። ከእሱ በፊት የፈረንሳይ አብዮት ያወረዳቸው የቡርቦን ነገሥታት ምልክት አበባ ስለነበር፣ እሱ ከእነሱ የሚቀድም ነገር ፈለገ። የአንቺስ ንጉሥ ማንን ነው አባቴ የሚለው? አርማው ከዚያ ይወጣል።

ደግሞ ሁሉንም አታስተካክዪ። በአሜሪካ ጦር የምክትል መቶ አለቃው ምልክት ወርቃማ ነው፣ የበላዩ የመቶ አለቃው ግን ብርማ። ሻለቃውና ሌተና ኮሎኔሉም እንደዚያው ናቸው። እውነተኛ ጦር እንዲህ ያለ ከታሪክ የተረፈ ነገር አያጣም። ያንቺም አንድ ይኑረው፣ ምክንያቱን ግን አንቺ እወቂው።

ሁለተኛውን እትም ያስመረቅኩ ቀን አንድ ጡረታ የወጡ መኮንን መጥተው ነበር። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መጽሐፉን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ጣታቸውን አንዱ ሰውዬ መቀነት ላይ አድርገው «ይሄ የቀኙ አዛዥ ነው፣ አይደል?» አሉኝ። ማንም አልነገራቸውም፤ መጽሐፉ ውስጥም የትም አልተጻፈም። ሻይ ጋበዝኳቸውና እስኪመሽ ስለ ሰልፍ አወራን።

ሠንጠረዥሽን ጨርሰሽ እዚሁ ለጥፊው። ማን ማንን እንደሚያዝ አብረን እናየዋለን።