ጀሶው ሳይደርቅ ካርቦን አትንኩ፦ ከአዳማ ጥያቄና መልስ

የሞተሬን የፊት ፓራፋንጎ እቤት በካርቦን ፋይበር እንደሠራሁ ካሳየኋችሁ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። ሥራዬ የመኪና ቦዲና ቀለም ነው፤ ኬሚስት አይደለሁም። አሠራሩ ባጭሩ፦ ከጀሶ ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) እሠራለሁ፣ እንዳይጣበቅ ሰም እቀባዋለሁ፣ ከዚያ የካርቦን ጨርቁን በሬዚን እያራስኩ እደርብበታለሁ። ሬዚኑ ኢፖክሲ የሚባለው ነው፤ ሃርድነር (ማጠንከሪያ) ሲቀላቀልበት ይጠነክራል። በጀሶ ሞልድ መሥራት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ የመጀመሪያውን ዓመት ሳበላሽ ነው የከረምኩት። እስቲ የቻልኩትን ልመልስ።

ጥ፦ ከስንት ነገር ጀሶ ለምን መረጥክ?

ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፣ የጣት አሻራ ሳይቀር ይቀዳል። ሲጠነክርም አይሸበሸብም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ይሰፋል፤ ስለዚህ ጥጋጥጉን ሁሉ ይሞላል። ክፋቱ ከባድ ነው፣ ይሰበራል፣ ውሃ ይይዛል። ለአንድና ለሁለት ዕቃ ግን ይበቃል። ሃያ የባጃጅ ዕቃ ሠርቼ እሸጣለሁ ካልክ፣ ከጀሶው አንድ ዕቃ አውጣና በዚያ ላይ የፋይበር ግላስ ሞልድ ሥራ።

ጥ፦ ሰም ሦስት ጊዜ ቀብቼ ነበር። ግን ካርቦኑ ከጀሶው ጋር ተጣብቆ ቀረ፤ በመዶሻ ነው ያወጣሁት። ምን አጠፋሁ?

ወንድሜ፣ ሰሙን ተወው። ጀሶውን ስንት ቀን አደረቅከው? በጻፍከው ላይ «በማግስቱ» ይላል። ጥፋቱ እዚያ ጋ ነው።

ሒሳቡን ተመልከት። 10 ኪሎ ጀሶ ለማቡካት ወደ 7 ሊትር ውሃ ትጨምራለህ። ጀሶው ለመጠንከር የሚፈልገው ግን 2 ሊትር እንኳን አይሞላም። የቀረው 5 ሊትር ውስጡ ተቀምጧል። ላዩን ስትነካው ደረቅ ነው፤ ልክ ላዩ በስሎ ውስጡ ሊጥ እንደሆነ ዳቦ። ሰሙ እርጥብ ነገር ላይ አይዝም። ሬዚኑ ሲሞቅ ደግሞ ውሃው ወደ ላይ ይወጣና ኢፖክሲውን ያበላሸዋል፤ ነጭ ነጭ ይላል፣ ይጣበቃል።

እኔ በእጅ መንካት ትቻለሁ። ሚዛን ላይ አስቀምጠዋለሁ። ጠዋት እመዝናለሁ፣ ማታ እመዝናለሁ። ክብደቱ ሁለት ቀን ሙሉ ካልቀነሰ ደርቋል። በእኛ ንፋስ ቀጭኑ በአራት በአምስት ቀን ይደርሳል፤ ወፍራሙ ሁለት ሳምንትም ይፈጃል።

ጥ፦ ታዲያ ምድጃ ውስጥ ባስገባውስ?

ከ50 ዲግሪ አታሳልፍ። ጀሶ ከዚያ በላይ ሲቆይ ያጠነከረውን ውሃ ራሱን መልቀቅ ይጀምራል፤ ከዚያ በጣትህ የሚፈርስ ዱቄት ይሆናል። ቬንትሌተር ይሻላል።

ጥ፦ ከደረቀ በኋላ ምን ትቀባዋለህ?

አናጢዎች የሚጠቀሙበትን ጎማላካ በአልኮል አቅጥኜ ሦስት አራት ጊዜ። የመጀመሪያውን ጀሶው ይጠጣዋል፤ አትደንግጡ። በ400 ብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ ከዚያ ሰም አምስት ስድስት ጊዜ፣ በየመሃሉ እየወለወሉ። ሲሊኮን ያለበትን የመኪና ሰም ግን ከቤታችሁ አውጡ። ዕቃውን በኋላ ቀለም ስትቀቡት ዓሣ ዓይን የመሰለ ጉድጓድ ያወጣል፤ ቀለም ቀቢዎች ያውቁታል።

ጥ፦ ከሐዋሳ ነኝ፤ ተማሪ ነኝ። ሬዚኑን በኩባያ በጠበጥኩ በጥቂት ደቂቃ ጨሰና ኩባያውን አቀለጠው። ሃርድነሩን ልቀንስ?

እህቴ፣ በፍጹም እንዳትቀንሺ! የኢፖክሲ ሃርድነር እንደ በርበሬ በግምት አይጨመርም። ሬዚኑና ሃርድነሩ በልክ ነው የሚያያዙት፤ ብትቀንሺው ለዘላለም እንደ ማስቲካ ይቀራል። በሃርድነር መጠን የሚጫወቱት ፖሊስተር የሚባለውን ሌላ ሬዚን የለመዱ ናቸው፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። ጣሳው ላይ የተጻፈውን ልክ በዲጂታል ሚዛን መዝኚ።

ያቃጠለው ብዛቱና ሙቀቱ ነው። ኢፖክሲ ሲጠነክር ራሱ ይሞቃል፤ ኩባያ ውስጥ ተከማችቶ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ደግሞ ይብስበታል። አየሩ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የመሥሪያ ጊዜሽ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ በጥብጪ፣ እንደበጠበጥሽ ሰፊ ሳህን ላይ አፍስሺው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተነስተሽ ሥሪ። እኔ ከሰዓት በኋላ በጥብጬ የእናቴን የፕላስቲክ ጠረጴዛ በስቻለሁ። እስከ ዛሬ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይነገርብኛል።

ጥ፦ ስንት ድርብ ጨርቅ? ስንት ሬዚን?

የተለመደው ጨርቅ በካሬ ሜትር 200 ግራም ነው። በእጅ ሲሠራ የሬዚኑ ክብደት ከጨርቁ ጋር እኩል ቢሆን ጥሩ ነው። ግማሽ ካሬ በሦስት ድርብ 300 ግራም ጨርቅ ይሆናል፤ 300 ግራም ሬዚን፣ ቡሩሽና ሳህን ላይ ለሚቀረው ትንሽ ጨምር። ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም። የሚያብረቀርቅ ሬዚን ሲፈስ ካየህ ጥንካሬ አልጨመርክም፤ ክብደት ነው የጨመርከው።

ጥ፦ ከፍሪጅ ኮምፕረሰር ቫክዩም ፓምፕ ሠራሁ። ጌጁ ከ0.8 ባር (የግፊት መለኪያ) አያልፍም። ተበላሽቶ ነው?

ደህና ነው! ያነሰው የከተማችን አየር ነው። በሬዚን የራሰውን ዕቃ በላስቲክ ሸፍነን በፓምፑ አየሩን ስንመጥ፣ ዕቃውን የሚጫነው ፓምፑ ሳይሆን ከላስቲኩ ውጭ ያለው አየር ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ አየሩ 1 ባር ገደማ ይጫናል። አዳማ ከ1600 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ያለን 0.83 ገደማ ነው። ሙሉውን ከፈለግክ ጅቡቲ ወርደህ ሥራ።

አትናቀው ግን፤ 0.8 ባር በካሬ ሜትር 8 ቶን ነው። ጀሶ አየር ያሳልፋልና ላስቲኩን ጠርዙ ላይ አትለጥፈው፤ ሞልዱን በሙሉ ከረጢት ውስጥ አስገባው። የሞልዱ ሥር ባዶ ከሆነ መጀመሪያ ሙላው፤ አለበለዚያ ቋ! ብሎ ለሁለት ይከፈላል። በኔ ደርሷል፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ።

ጥ፦ የሞተር ሄልሜት መሥራት ይቻላል? ለልጄ ነው።

ጋሼ፣ ቅር እንዳይልዎ፤ አይሥሩ። ሄልሜት ሲመታ እንዴት እንደሚሰበር ተፈትኖ ነው የሚሸጠው። የብሬክ እጀታና መሪም እንዲሁ። ካርቦን እንደ ላሜራ ተጣሞ አያስጠነቅቅም፤ ድንገት ነው የሚሰበረው። ሽፋን፣ ፓራፋንጎ፣ የመስታወት ጀርባ ይሥሩ።

ጥ፦ ስቆርጠው ገላዬን ያሳክከኛል።

ብናኙ ነው። ውሃ እያደረግክ በእጅ መጋዝና በብርጭቆ ወረቀት ቁረጥ፤ ማስክና መነጽር አድርግ፤ ሕፃናት ባሉበት ክፍል አትሥራ። ብናኙ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል፤ ማከፋፈያና ቻርጀር አጠገብ ከሆነ ሾርት ያደርጋል።

ጥ፦ ፀሐይ ላይ ምን ይሆናል?

ሁለት ነገር። ኢፖክሲ በፀሐይ ቢጫ ይሆናል፤ ላዩን የመኪና ክሊር (ቀለም አልባ ቫርኒሽ) ይቀባ። ደግሞ በክፍል ሙቀት ብቻ የጠነከረ ብዙ ኢፖክሲ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ላይ ይለሰልሳል፤ ጥቁር ዕቃ በእኛ ቀትር እዚያ ይደርሳል። ጣሳው ላይ ሙቀት ስጡት የሚል ካለ አትዝለሉት።

ጥ፦ ለጀማሪ ካርቦን ይሻላል ወይስ ፋይበር ግላስ?

ግላስ። አሠራሩ አንድ ነው፤ ሲበላሽም ኪስ አያቃጥልም። የንፋስ ተርባይን ክንፍ እንኳን በአብዛኛው ፋይበር ግላስ ነው፤ ኮረብታው ላይ ሲዞሩ የምናያቸውን ታውቃላችሁ።

ጥ፦ የጀሶ ሞልድ ስንት ጊዜ ያገለግላል?

የኔ ሪከርድ ሦስት ነው። አራተኛውን ሳላቅቅ ግማሹ ፓራፋንጎው ላይ ቀረ፤ አሁን ግቢ ውስጥ የበር ማስደገፊያ ሆኗል።