መልስ፦ «የመጀመሪያ ልጄ ኦቲዝም አለበት፤ ሁለተኛ ብወልድስ?»

ሁለተኛውም የግድ ይኖርበታል ማለት አይደለም። ዕድሉ ከ5 ልጆች አንዱ ገደማ ነው፤ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣ ትልቅ ጥናት 20 በመቶ ብሎታል። ወንድ ከሆነ 25፣ ሴት ከሆነች 13 በመቶ አካባቢ። ከዜሮ ይበልጣል፣ ግን አብዛኞቹ ተከታይ ልጆች የለባቸውም።

አማቶችሽ «ከእሷ ዘር ነው» ማለታቸው ውሃ አያነሳም። የዘር ድርሻው ትልቅ ነው፣ እውነት ነው። ግን አንድ «የኦቲዝም ጂን» የሚባል የለም። ብዙ ጂኖች ናቸው፣ ከእናትም ከአባትም ይመጣሉ። አንዳንዱ ለውጥ ደግሞ ከሁለታችሁም ሳይወረስ ልጁ ላይ አዲስ የሚፈጠር ነው። ቡና ላይ የሚወራውን ተይው።

ካየሁት አንድ ነገር ልንገርሽ። የእህቴ ልጅ ላይ «አባቱም አፍ የፈታው ዘግይቶ ነው» እየተባለ ብዙ ጊዜ ባከነ። ሁለተኛው ልጅሽ አንድ ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ ካልዞረ፣ ዓመት ከመንፈቁ ደርሶ የፈለገውን በጣቱ ካላሳየ፣ አትጠብቂ። ጅማ ውስጥ ስለሆንሽ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ሕፃናት ክፍል ውሰጂው፤ የትልቁንም ነገር ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ጆሮውም ይታይ፤ የማይሰማ ልጅም ሲጠሩት አይዞርም።