አረሙ ዋግ ሲመታው

ባለፈው «አረምን በራሱ በሽታ መምታት ይቻላል» ብዬ ጣል ያደረግኳት ነገር ጥያቄ አዘነበችብኝ። በሽታው በብዛት ዋግ ነው፤ ተክል ላይ የሚኖር ፈንገስ። አምስቱን መርጫለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፣ ከባሌ፦ ዋግ ስንዴያችንን ስንቴ አራቁቶናል። አሁን ደግሞ ዋግ ለአረም ማጥፊያ ሊሆን ነው አሉ። ነገ እህላችን ላይ ቢዞርስ?

መልስ፦ ባሌ ተቀምጦ ዋግን የማይፈራ የለም፣ አልፈርድብዎትም። በ2013 የግንድ ዋግ ዲገሉ የተባለውን ስንዴ ምን እንዳደረገው ያውቁታል። ግን አጠገቡ ባቄላ የዘራ ሰው በዚያ ዋግ አንድ ቅጠል አልተነካበትም። ዋግ መራጭ ነው። የሞተ ነገር ላይ አያድግም፤ ሕይወት ያለውን፣ የራሱን ተክል ይፈልጋል። ተመራማሪዎቹ የተማመኑት በዚህ አመሉ ነው።

ሙከራውም በጭፍን አይደለም። መጀመሪያ የአረሙ የቅርብ ዘመዶች ላይ ይሞከራል፣ ከዚያ ወደ ሩቆቹ ይኬዳል። ፓርቲኒየምን እንውሰድ፤ ወሎ ቅንጬ አረም፣ ሐረርጌ ፈረምሲሳ የሚሉትን። ለእሱ አዲስ ዋግ ይምጣ ቢባል እኔ የምሰጋው ለስንዴ ወይም ለጤፍ አይደለም። ለኑግ ነው። ኑግም የሱፍ አበባም ከፓርቲኒየም ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው። ኑግ ላይ በደንብ ሳይሞከር የሚገባ ዋግ ካለ እኔም ከእርስዎ ጋር ሆኜ እጮሃለሁ። አውስትራሊያ ለፓርቲኒየም ሁለት ዓይነት ዋግ አስገብታለች። አንደኛው፣ ቀዝቃዛ አየር የሚወደው፣ እኛም ዘንድ ማንም ሆን ብሎ ሳያመጣው ተገኝቷል።

ጥያቄ፣ ከአዳማ፦ ወሬ ብቻ ነው ወይስ የሠራበት አገር አለ?

መልስ፦ አለ። አውስትራሊያ ውስጥ ኮንድሪላ የሚባል አረም የስንዴ ገበሬውን አስመርሮት ነበር። በ1971 ከጣሊያን የመጣ ዋግ ተለቀቀበት። ጠባብ ቅጠል ያለው ዓይነት እጅግ ሳሳ። ችግሩ፣ አረሙ ሦስት ዓይነት ነበር። ዋጉ የሚያውቀው አንዱን ብቻ። ቦታው ሲለቀቅ ሌሎቹ ሁለቱ ተስፋፉ። የባሌውን ባቄላ ያተረፈው መራጭነት እዚያ ሁለት አረም አተረፈ ማለት ነው።

ጥያቄ፣ ከመቀሌ፦ እኛ ለማገዶና ለተራቆተ መሬት የምንተክለውን ሳሊግና ደቡብ አፍሪካ በበሽታ እየገደለችው ነው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ዛፉ የመጣው ከአውስትራሊያ ነው። ደቡብ አፍሪካ ግን አሸዋ እንዲይዝላት ተክላው አገር በቀሉን ቁጥቋጦ ዋጠባት። በ1987 ከዚያው ከአውስትራሊያ የዋግ ፈንገስ አምጥታ ለቀቀችበት። ፈንገሱ ቅርንጫፉ ላይ ቡናማ እባጭ ያወጣል። ዛፉ እባጩን ሲመግብ ይደክማል፣ ድርቅ ሲመጣ ይሞታል። በብዙ ቦታ ቁጥሩ ክፉኛ ቀንሷል። እኛ ጋ ግን ይምጣ የሚል ካለ ከእናንተ ጋር መጣላቱ አይቀርም። አንዴ የተለቀቀ ዋግ ደግሞ አይመለስም፤ በነፋስ የሚሄድ ነገር የማንን ማሳ ብሎ አይጠይቅም።

ጥያቄ፣ ከሐዋሳ፦ ዶክትሬቴን ልጨርስ ነው። በዚህ ጉዳይ የድኅረ ዶክትሬት ቦታ አገኘሁ። ቀኑን ሙሉ ምንድን ነው የሚሠራው?

መልስ፦ መጠበቅ፣ እህቴ። የታመመ ቅጠል ላይ ያለውን ብናኝ በቀለም ብሩሽ ትጠርጊዋለሽ። ውኃ ውስጥ በጥብጠሽ ጤነኛው ተክል ላይ ትረጫለሽ። ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ እንዲያድር ላስቲክ አልብሰሽ ጨለማ ክፍል ታሳድሪዋለሽ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ገደማ ጠዋት ጠዋት ቅጠል እየገለበጡ በማጉያ መነጽር ማየት ነው፤ ነጥብ ወጣ፣ አልወጣም። «አልወጣም» ራሱ ውጤት ነው፣ ለኑጓ ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው ውጤት። እኔ አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ክፍሉ ሞቀና የወር ሥራዬ ገደል ገባ። ጄኔሬተሩ ይሠራ እንደሆነ ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂ። የድኅረ ዶክትሬቱ ሁለት ሦስት ዓመት ደግሞ እንደምታስቢው ረጅም አይደለም፤ ለሙከራው እንጂ ለመልቀቂያ ፈቃዱ አይበቃም።

ጥያቄ፣ ከባሕር ዳር፦ እምቦጭንስ?

መልስ፦ ፍሎሪዳ ላይ ሰርኮስፖራ በሚባል ፈንገስ ተሞክሯል። ቅጠሉን ያቃጥለዋል፣ እምቦጭ ግን ከሚሞትበት ቅጠል ይልቅ ፈጥኖ አዲስ ያወጣል። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ብዙ የሠሩት ፈንገሶች ሳይሆኑ ጥንዚዛዎች ናቸው።

እግረ መንገዴን፣ የበቆሎና የማሽላ ሥር ስለምትመጠው አረም፣ ስለ አቀንጭራ፣ ለጻፋችሁልኝ። አቀንጭራ መጤ እንኳ አይደለችም፣ የገዛ አፍሪካችን ናት። ኬንያ ውስጥ የሚያጠቃት ፉዛሪየም የሚባል ፈንገስ አለ፣ ከዚያው አገር የተገኘ። ለገበሬ የሚደርሰው በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ላይ አድጎ ነው። እንጨቷን የተቀቀለ ሩዝ ውስጥ ይከቷታል። በሦስተኛው ቀን ገደማ ሩዙ ፈንገስ ይለብሳል። በቆሎ ሲዘሩ ከዘሩ ጋር ከሩዙ ቆንጠር አድርገው ጉድጓዱ ውስጥ ይጨምራሉ። መርጫ የለ፣ ጭምብል የለ። ድስትና ሩዝ።