ባዕድ አገር ገመዴን ማን ይያዝልኝ? የዓለት መውጣት ጥያቄና መልስ

ያደግሁት ደጀን፣ ገደል አፍ ላይ ነው። እናቴ «ወደ ገደሉ እንዳትጠጋ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። በገመድ ዓለት መውጣትን የተማርኩት ግን ለሥራ ናይሮቢ በቆየሁባቸው ሁለት ዓመታት ነው። ሰሞኑን ውጭ አገር ልትሄዱ የተነሳችሁ የጎጃም ልጆች ብዙ ጠይቃችሁኛል። የማውቀውን ልመልስ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ለሦስት ወር ስልጠና ናይሮቢ ልሄድ ነው። ዓለት መውጣት ትንሽ ለምጃለሁ፤ እዚያ ግን ማንንም አላውቅም። ከየት ልጀምር?

ወንድም ዓለም፣ ከዓለቱ አትጀምር፤ ከሰው ጀምር። የኬንያ ተራራ ወጪዎች ክበብ አለ፤ ቤቱ ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ነው። ሳትሄድ በፊት ጻፍላቸው። ስንት ጊዜ እንደወጣህ፣ ገመድ መያዝ (ወጪው ቢለቅ እንዳይወድቅ ከሥር ቆሞ ገመዱን መቆጣጠር) ትችል እንደሆነ፣ መቼ እንደምትደርስ ንገራቸው። ደረጃህን አታጋን። «ጀማሪ ነኝ» ያለን ሰው የሚያስተምር አይጠፋም። ያልሆነውን ነኝ ያለ ግን የሰው ነፍስ ይዞ ይጫወታል።

ቦታው ብዙ ነው። ሉኬንያ በሞምባሳ መንገድ አቲ ሪቨርን አልፎ ያለ ኮረብታ ነው፤ ጠዋት ሄደህ ማታ ትመለሳለህ። ናይቫሻ አጠገብ ደግሞ የሄልስ ጌት ብሔራዊ ፓርክ አለ። እዚያ ፊሸርስ ታወር የሚባል 25 ሜትር ገደማ የሆነ ብቸኛ ዓለት ቆሟል፤ ሽኮኮዎች ጥጉ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። የናይሮቢ ከፍታ ከባሕር ዳር ብዙም ስለማይለይ ትንፋሽ አያጥርህም።

አንድ ነገር ልብ በል። በእንግሊዝኛ «በ7 ሰዓት እንገናኝ» ካሉህ የእኛ ጠዋት 1 ሰዓት ማለታቸው ነው። ስዋሂሊ ሲያወሩ ደግሞ ልክ እንደ እኛ ይቆጥራሉ። ስለዚህ ሁለቴ ጠይቅ። እኔ አንዴ መኪናው ጥሎኝ ሄዷል።

ከባሕር ዳር፦ አዲስ የተዋወቅሁት ሰው ገመድ መያዝ መቻሉን በምን አውቃለሁ?

ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው። አንድ ቅዳሜ፣ ለዓመታት እንደወጣ ከነገረኝ ልጅ ጋር ወጣሁ። አምስት ሜትር ያህል ከፍ ብዬ ቁልቁል ሳይ ቀኝ እጁ ስልክ ይዟል። ገመዱ ጠጠሩ ላይ ተዘርግቷል። ገመዱ የሚያልፍበት መሣሪያው በራሱ የማይቆልፍ ተራ ዓይነት ነበር፤ ያ መሣሪያ ገመዱን የሚያቆመው የታችኛው እጅ ጥብቅ አድርጎ ሲይዝ ብቻ ነው። እጁን ከለቀቀ፣ ያው እኔ ምንም አልታሰርኩም ማለት ነው። ሁለት እጄ ዓለቱ ላይ ስለሆነ መቆጣትም አልቻልኩም። ቀስ ብዬ «ገመዱን ያዝ» አልኩት። መሬት ስነካ ቋጠሮዬን ፈትቼ «ለዛሬ ይበቃኛል» አልኩት። ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ሰው ጋር በቀጥታ ዓለት አልወጣም። መጀመሪያ ለመውጣት መለማመጃ የተሠራ የቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ አብሬው እውላለሁ። ሌላ ሰው ሲይዝ ከጎን ቆሜ ያንን የታችኛውን እጅ ብቻ አያለሁ። ከዚያ እኔ ሁለት ሜትር ላይ ሆኜ ሆን ብዬ እለቃለሁ። ዓለቱ ጋ ስንደርስ ሳንነሳ እንፈታተሻለን፦ እሱ የእኔን ቋጠሮና የቀበቶዬን መቆለፊያ፣ እኔ የእሱን መሣሪያና ካራቢነሩ (መሣሪያውን ከቀበቶው የሚያገናኘው የብረት ቀለበት) ተጠምዝዞ መቆለፉን። የገመዱ ጫፍም ይቋጠራል። 60 ሜትር ገመድ 30 ሜትር ከፍታ ያለው ዓለት ላይ ወጥቶ ሲመለስ እጥፍ ሆኖ ያልቃል፤ ጫፉ ሳይቋጠር ሰው ሲያወርዱ ከመሣሪያው ሾልኮ ካለፈ ወዳጅህ ወደቀ።

ስትጠራው ስሙን ጨምር። ጎን ለጎን አምስት ሰው «ቴክ!» (ገመዱን ወጥረህ ያዘኝ) እያለ ይጮኻል።

«ልፈትሽህ» ስትለው የሚከፋ ሰው ካጋጠመህ አመስግነህ ተለየው። ደህና ገመድ ያዥ ራሱ ነው ቀድሞ «ፈትሸኝ» የሚልህ።

ከባሕር ዳር፣ እህታችን፦ ቨርጂኒያ እህቴ ጋ ልሄድ ነው። ብቻዬን ነኝ፤ እፈራለሁም።

እታለም፣ ፍርሃትሽ ልክ ነው። ዋሽንግተን አጠገብ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ሁለት የታወቁ ቦታዎች አሉ፦ በሜሪላንድ በኩል ካርደሮክ፣ በቨርጂኒያ በኩል ግሬት ፎልስ። ሁለቱም ጋ በብዛት የሚወጣው ገመዱ ከላይ ታስሮ ነው። ማሰሪያውን ከላይ የሚሠራው ሰው ልምድ ያለው ይሁን፤ አንቺ አትሞክሪው። ግሬት ፎልስ የመግቢያ ክፍያ አለው። ወንዙንም አትመኚው፤ ረጋ ያለ ይመስላል እንጂ ከሥሩ ይጎትታል።

ማንንም መጀመሪያ የቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ አግኚው። ወደ ዓለቱ ስትወጪ ከቡድን ጋር ይሁን፤ ከማን ጋር፣ የት፣ መቼ እንደምትመለሺ ለእህትሽ ንገሪያት። ሰው ካላገኘሽ ያለ ገመድ አጭር ዓለት የሚወጣበት ቦልደሪንግ አለ፤ ከሥር ወፍራም ፍራሽ ስላለ ገመድ ያዥ አያስፈልግም። ወዳጅ የሚገኘውም እዚያው ነው።

ከእንጅባራ፦ ምን ልያዝ?

የመውጫ ጫማህንና ሃርነስህን፣ ማለትም ገመዱ የሚታሰርበትን ቀበቶ። ገመድ ተወው፤ አራት ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የአገሬው ሰው አለው። ሄልሜት ግን ያዝ።

ከፍኖተ ሰላም፣ አንድ አባት፦ ልጄ ጀርመን ይማራል። ዓለት ልወጣ ነው ይለኛል። ልከልክለው?

አባቴ፣ ባይከለክሉት ይሻላል፤ ተደብቆ እንዳያደርገው። የጀርመን አልፓይን ማኅበር በ1869 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የተቋቋመ ነው። በየከተማው ቅርንጫፍ አለው፤ ብዙዎቹ የመውጫ ግድግዳና ስልጠና አላቸው። «መጀመሪያ እዚያ ተማር» ይበሉት። ሲደውልም «ገመድህን የሚይዘው ማነው?» ብለው ስሙን ይጠይቁት።

ከደጀን፦ የውጭ ወዳጄ ሊጠይቀኝ ይመጣል። የዓባይን ገደል በገመድ ላስወጣው?

የአገሬ ልጅ፣ እኔም ልጅ ሆኜ ያንን ገደል እያየሁ ነው የተመኘሁት። ላዩ ባዛልት ነው፤ ዝቅ ሲል የኖራ ድንጋይ፣ ከታች የአሸዋ ድንጋይ። ሲያዩት ያምራል። ግን ክረምት በገባ ቁጥር መንገዱ ላይ የሚንከባለለውን ድንጋይ አንተም ታውቀዋለህ። የላዩ ዓለት የተሰነጣጠቀ ነው፤ እጅህ ላይ ይቀራል። እንግዳህን እዚያ አታንጠልጥለው። ጮቄ ውሰደው፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ በእግሩ ይውጣ። ወደ ገዳም ዋሻ ከተጠጋችሁ አስቀድማችሁ አባቶችን አስፈቅዱ። ማታ ደጀን ስትመለሱ ገደሉን ከላይ ሆናችሁ እዩት። ፀሐይ ስትጠልቅ ነው ደስ የሚለው።