ሎብስተር ከ3 ማይል ወዲያና ወዲህ (መልስ)

ወንድሜ፣ «የሜይን (የአሜሪካ ግዛት) ፈቃድ ይዤ ሎብስተር (መቆንጠጫ ያለው ቅርፊታም የባሕር እንስሳ) ለማጥመድ ከባሕሩ ዳርቻ ከ3 ማይል ባልፍ ችግር አለው ወይ?» ላልከው፣ አዎ፣ አለው። ከባሕሩ ዳርቻ እስከ 3 የባሕር ማይል የግዛቱ ነው። ከዚያ እስከ 200 የባሕር ማይል ያለው የፌዴራል መንግሥቱ ነው። እዚያ ለንግድ ለማጥመድ የፌዴራል ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እሱም የሚሰጠው ለጀልባው ነው። አዲስ ፈቃድ እንደ ልብ አይገኝም፤ ቁጥሩ የተገደበ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ሁለቱም ፈቃድ ካለህና ሕጎቹ ከተለያዩ፣ የሚገዛህ ጠበቅ ያለው ነው። 3 ማይሉ ውስጥ ብትሆንም እንኳ! የግዛቶቹን ሕግ የሚያቀናጀው የአትላንቲክ ግዛቶች የባሕር ዓሣ ሀብት ኮሚሽን ነው።

ሜይን ውስጥ መለኪያው ከእጅህ አይጥፋ። ከዓይኑ ጎድጓዳ እስከ ጀርባው ቅርፊት መጨረሻ ትለካለህ። ከ3.25 ኢንች ካነሰ ወይም ከ5 ኢንች ከበለጠ ወደ ውኃው ትመልሰዋለህ። ከጅራቷ ሥር እንቁላል ያዘለችውን ደግሞ የጅራት ክንፏ ላይ በ«ቪ» ቅርጽ ቆርጠህ ልቀቃት። እንቁላሉ ከተራገፈ በኋላም ምልክቱን ያየ ሌላ አጥማጅ አይነካትም። እኔ ከሁሉም የምወደው ሕግ ይሄ ነው።