ድዱ ኢምፕላንቱን ይዞታል፤ አያያዙ ግን እንደ ጥርስ አይደለም

እህቴ፣ «ኢምፕላንቴ (መንጋጋ አጥንት ውስጥ የተተከለልኝ የታይታኒየም ሥር) ላይ ክራውን (ሰው ሠራሽ ጥርስ) ከተገጠመልኝ አራት ወር ሆነኝ። ድዱ በደንብ እስኪጣበቅ ብዬ ዙሪያውን መቦረሽ ትቻለሁ፤ አሁን ሲነካ ይደማል» ያልሽውን ሳነብ ሳልመልስልሽ ማለፍ አልቻልኩም። ጥርስ ሐኪም ነኝ፤ እንዳንቺ ፈርተው ብሩሽ ያራቁ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል። እባክሽ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ቦርሺው።

ድዱ የሚይዘውን ያህል ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይይዛል፤ ስለዚህ አሁን የምትጠብቂው ነገር የለም። የተፈጥሮ ጥርስ ላይ ከድድ የሚነሱ ክሮች የጥርሱን ሥር በሸፈነው ሲሚንተም በሚባል ጠንካራ ንብርብር ውስጥ ገብተው ተተክለዋል። ታይታኒየም ሲሚንተም የለውም። በመሆኑም ክሮቹ ወደ ውስጥ አይገቡም፤ ጎን ለጎን ይወርዳሉ ወይም ችካል ላይ እንደተጠመጠመ ገመድ ይዞሩታል። ብረቱ ላይ በእርግጥ የሚለጠፈው ከላይ ያለው የድዱ ስስ ሽፋን ነው፤ እሱም በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን መያዣዎች። ሽፋኑና ክሮቹ አንድ ላይ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆኑ ነው። አጥንትሽን አፍ ውስጥ ካለው ባክቴሪያ የሚጋርደው ይኸው ነው! ጥርስን ከአጥንት የሚያስተሳስረው ጅማት ስለሌለም በዚያ በኩል የሚመጣው ደም ይቀራል፤ ለዚህ ነው ቆሻሻ ሲጠራቀምበት ቶሎ የሚሸነፈው።

አንዲት እናት ልክ እንዳንቺ እየደማባቸው መጡ። ሕመም ስላልነበረው ወራት ዝም ብለውታል፤ ምግብ ሲገባም በስንጥር ይጎረጉሩት ነበር። ስናየው ከክራውኑ ሥር የማጣበቂያ ሲሚንቶ ቀርቷል። አውጥተን አጸዳነው፣ አቦራረሹንም አሳየናቸው፤ በሁለት ሳምንት ደሙ ቆመ። ያዳናቸው አጥንቱ ገና አለመነካቱ ነው። ድዱ ብቻ ሲቆጣ ይመለሳል፤ አጥንት አንዴ ከሸሸ ግን መመለሱ በጣም ከባድ ነው።

ለስላሳ ብሩሽ ያዢ፣ ድዱና ክራውኑ የሚገናኙበትን መስመር ቀስ እያልሽ ቦርሺ፤ ለመሃሉ ትንሿን የመሃል ብሩሽ ተጠቀሚ። መጀመሪያ ትንሽ ቢደማም አታቁሚ። ስንጥር ግን አይጠጋው። ክራውኑ ከተነቃነቀብሽ ራስሽ አትነካኪው፤ ከኢምፕላንቱ ጋር ያያዘው ብሎን በተፈታ ቁጥር ያ የተለጠፈው ሽፋን ይላቀቃል።

በዚህ ሳምንት ደግሞ ወደ ሐኪምሽ ሂጂ። ዙሪያውን በመለኪያ ቀስ ብለው ይለኩልሽ፤ ራጅም አንሥተው ክራውኑ ሲገጠም ከተነሣው ጋር ያስተያዩት። የዚያን ጊዜው ከሌላቸው የአሁኑን ቅጂ ተቀብለሽ አስቀምጪ።