መጀመሪያ ኦቲዝሙን ላረጋግጥ ወይስ ጭንቀቱን ልታከም?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ኢንተርኔት ላይ የኦቲዝም መጠይቅ ሞልተህ ውጤቱ ከፍ ብሎ ወጣ። እንቅልፍ ካጣህና ክፍል መግባት ካስጠላህ ደግሞ ከርሟል። ሐኪም ቤት ሄጄ «ኦቲዝም ያለብኝ ይመስለኛል» ብል ይስቁብኛል ወይ፣ ደግሞስ የትኛውን ላስቀድም ነው ያልከው።

እኔም እንዳንተ ኦቲዝም ያለብኝ ይመስለኛል፤ ግን ጭንቀቱን አስቀድም ባይ ነኝ። ጥርጣሬህን ግን ቤት ጥለኸው አትሂድ፣ ይዘኸው ግባ።

ኦቲዝም አብሮን የሚወለድ የአእምሮ አሠራር ልዩነት ነው፤ የሚያጠፋው ኪኒን የለም። ጭንቀትና ድብርት ግን ይታከማሉ፣ ኦቲዝም ኖረህም አልኖረህም። አዋቂን ለኦቲዝም የሚመረምር ሰው ፍለጋ ከገባህ ዓመቱ ያልቅብሃል። አዲስ አበባ ያሉት የታወቁት ማዕከላት፣ ወ/ሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱት ጆይም ሆነ ነህምያ፣ የተቋቋሙት ለልጆች ነው። እዚሁ እኛ ጋ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ግን የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። በጤና መድን የምትታከም ከሆነ መጀመሪያ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፍ።

መጠይቁን በተመለከተ፣ እሱ ማጣሪያ እንጂ ምርመራ አይደለም። «ሰው የተሰበሰበበት ቦታ ይከብድሃል?» ሲባል ኦቲዝም ያለበትም፣ ሰው የሚፈራም፣ የተደበረም «አዎ» ይላል። የሚለያቸው «ከመቼ ጀምሮ?» የሚለው ነው። ድብርት የጀመረበት ጊዜ አለው። ኦቲዝም ከልጅነት ይጀምራል፣ ማስረጃው ያለውም እናትህ ጋ ነው።

እዚህ ላይ አገራችን ነገሩን ታወሳስበዋለች። ጎንደር ውስጥ ትልቅ ሰው ዓይን ዓይኑን የማያይ፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚገባ፣ ካልጠየቁት የማይናገር ልጅ ምን ይባላል? ጨዋ! እናቴን «ልጅ ሆኜ እንዴት ነበርኩ?» ስላት «እንዳንቺ ያለ ጨዋ ልጅ የት ይገኛል» ብላ ዘጋችው። ከዚያ ነገር በነገር ጠየቅኳት። ሹሩባ ስሠራ ምን አደርግ ነበር? «ኡኡ ብለሽ ጎረቤት ትሰበስቢ ነበር፤ በኋላማ አስላጨሁሽ።» ጥምቀት ፋሲለደስ ስንወርድስ? «ከበሮው ሲመታ ነጠላዬ ውስጥ ገብተሽ ጆሮሽን ትይዢ ነበር።» ወጡ እርስ በርሱ ከተነካካ ያንን እንጀራ እንደማልበላም ያኔ ሰማሁ። ንክኪ፣ ድምፅና ምግብ እንዲህ መረበሹ ከኦቲዝም ምልክቶች ውስጥ ነው። አንተም እንዲህ ጠይቃት፣ የምትልህንም ጻፈው።

ሐኪሙ ጋ ስትገባ ሌላ ፈተና አለ። እኛ ኦቲዝም አለብን የምንል ሰዎች ብዙ ጊዜ ጥያቄን ቃል በቃል ነው የምንሰማው። ሐኪሙ «ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ትሰሚያለሽ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። እውነቴን ነው፤ የአምፖሉን ጢዝዝታ፣ ከግቢው ማዶ ያለውን ጄኔሬተር እሰማለሁ። ቀና ብሎ አየኝና መጻፍ ጀመረ። ምን እንደምሰማ ባላብራራ ኖሮ ለማይመለከተኝ በሽታ መድኃኒት ይዤ እወጣ ነበር። እሱ የጠየቀው ማንም በሌለበት የሰው ድምፅ ይሰማሽ እንደሆነ ነው። ጥያቄው ካልገባህ «ምን ማለትዎ ነው?» በል፣ ነውር የለውም።

ደግሞ «እንዴት ነህ?» ሲሉህ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ማለትህ አይቀርም። አፋችን ለምዶታል። ብዙዎቻችን ደግሞ የሚሰማንን ስም ሰጥተን መናገር ይቸግረናል። ስለዚህ «ጨንቆኛል» ብቻ ብለህ አትቁም፤ የሆነውን በወረቀት ይዘህ ግባ። ስንት ሰዓት ተኝተህ ስንት ሰዓት ትነቃለህ፣ ምን ያህል ጊዜ ከክፍል ትቀራለህ፣ ለቅሶ ቤት ወይም ሰርግ ደርሰህ ስትመለስ ስንት ሰዓት ጨለማ ክፍል ትተኛለህ። ሞት ሞት የሚልህ ከሆነ ግን ወረቀቱም ወረፋውም ይቅር። ለአንድ ሰው ንገርና ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂድ።

ስለ መሳቁ፣ አንዱ ሐኪም «ትምህርት ጨርሰሽ ሥራ ይዘሽ የምን ኦቲዝም ነው?» ብሎኛል። አልተሟገትኩም። «ይሁን፣ እንቅልፌን እናስተካክል፤ ግን ጫጫታና ድንገተኛ ለውጥ እንደሚረብሸኝ ይመዝገብልኝ» አልኩት። መዘገበው። ኦቲዝም አለባት የሚል ወረቀት እስከ ዛሬ የለኝም። እንቅልፌ ግን ተመልሷል።

እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለ የድብርትና የጭንቀት ኪኒን ካዘዙልህ ቶሎ ለውጥ አትጠብቅ፤ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። መጀመሪያ ላይ ማቅለሽለሽና መቁነጥነጥ ሊኖር ይችላል። ሰውነትህ ትንሿ ነገር የምትረብሸው ከሆነ በትንሽ መጠን ያስጀምሩህ እንደሆነ ጠይቅ። ስታቆምም ራስህ አትቁረጥ፣ ቀስ በቀስ የሚያስቆሙህ እነሱ ናቸው። የምክር አገልግሎት ካገኘህ የቤት ሥራውን በጽሑፍ እንዲሰጡህ ጠይቅ፤ በቃል የተነገረው በር ላይ ይጠፋል። ለእንቅልፍህ ስትል ቡናውንም ከአቦል አታሳልፈው። ጎንደር ላይ ይህን ማለት ድፍረት ነው፣ አውቃለሁ።

ቤተሰብ ጸበል ካለህ ሂድ፣ ኪኒኑን ሳታቋርጥ። ግፊያና ጩኸት ከከበደህ ሰው በማይበዛበት ቀን ሂድ።

ሆስፒታል ስትሄድ ሰው ይዘህ ሂድ። የጠዋቱ ወረፋ ጫጫታ ነው። አብሮህ የመጣው ካርድህን ይዞ በር ላይ ይጠብቅ፣ አንተ ውጭ ጥላ ስር ሁን። ስምህ ሲጠራ ይደውልልህ።